ልጄን ያሞገስኩበት ስልክ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ሰዎች ስድስት ነን። ስማችንን አልጽፍም፤ ሁሉም በሕይወት ስላሉ አንብበው ይከራከሩኛል።

አንደኛው እኔ ነኝ። በጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 2 ሰፈር ወጥቶ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ፤ የከባድ መኪና ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብ የቻልኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ፈረንሳይኛውን ደግሞ ከደረሰኝና ከካርቶን ላይ ለቀምኩት።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ እሷ ያለችው ይሆናል።

ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ካርቲየ 2 ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄዳ በዚያው ቀረች። አግብታለች፣ ወልዳለች፣ ዜግነትም አግኝታለች።

አራተኛዋ ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይና የስልክ ካርድ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ በሙሉ «ሀቦ» ይላታል፤ በቋንቋቸው አክስት እንደማለት ነው። ዕድሜዋን ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ጋር ስለኖረች አማርኛዋ ከእኔ ይልቅ ይቀላጠፋል፤ ስድቡማ አይነሳ።

አምስተኛው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው። ጎማው ቢያርፍ አፉ አያርፍም።

ስድስተኛው ልጄ በምትኖርበት የእንግሊዝ ሰፈር የሚኖሩ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ገና እየተሠራ ሳለ ነው። አንድ ዓርብ ልጄ ደወለችና፣ ለእናቷ ከማውራቷ በፊት እኔን ጠየቀች። ይህ ያልተለመደ ስለሆነ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ ለወረዳው ምክር ቤት ልወዳደር ነው» አለችኝ።

«ማን መረጠሽ?»

«ገና ነው፤ ምርጫው ግንቦት ላይ ነው። አሁን በየቤቱ እየሄድኩ ምረጡኝ እላለሁ።»

«ራስሽ?»

«አዎ፣ ራሴ።»

«ራስሽ በራስሽ አፍ ምረጡኝ ትያለሽ?»

«እዚህ እንዲህ ነው አባዬ።»

እኔ በጅቡቲ የኢትዮጵያውያን እድር ዳኛ ሆኜ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። የተመረጥኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ «እኔ አልችልም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ» አልኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁለተኛም «ይቅርብኝ» አልኩ። ሦስተኛ ልናገር ስል አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጃኬቴን ይዞ አስቀመጠኝና ተጨበጨበ። ጨዋ ሰው የሚሾመው እንዲህ ነው። ሹመት የሚለምን ሰው ከሹመቱ የሚፈልገው ነገር አለ ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ብዙውን ጊዜ አምናለሁ።

«ስንት ጊዜ እምቢ አልሽ?» አልኳት።

«አንድም ጊዜ አላልኩም» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ምክንያቷን ነገረችኝ።

በሰፈሯ አንድ አዳራሽ አለ። ከየአገሩ የመጡ አዛውንቶች በሳምንት ጥቂት ቀን ተሰብስበው ምሳ ይበሉበታል። አበሻው፣ ሶማሌው፣ ሕንዱ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣው፣ እንግሊዙም ጭምር። ልጄ በትርፍ ጊዜዋ እዚያ ሳህን ታቀርባለች። ምክር ቤቱ አዳራሹን ሊዘጋው አስቧል። እሷ የምትወዳደረው እንዳይዘጋ ነው።

«ቢዘጋ ምን ይሆናሉ?» አልኩ።

«አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው፤ ከቤታቸው አይወጡም አባዬ። ካልወጡ ደግሞ ያልቃሉ።»

ምክንያቱ መልካም ነበር። ልመናው ግን አልተዋጠልኝም። «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ። መርቁኝ ብላ እንደደወለች ባለቤቴ ማታውን ነገረችኝ፤ እኔ ግን ሲገባኝም አልመረቅኩም።

ከሳምንት በኋላ በየቤቱ የምታድለው የምርጫ ወረቀቷ ፎቶ በስልክ መጣ። ልጄ ቀይ ኮት ለብሳ፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ ፈገግ ብላ ቆማለች። ባለቤቴ ፎቶውን አሳትማ አመጣችው። ሀቦ አንድ ጊዜ አየችውና ማስቲሽ ፈልጋ ከሻይ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከስልክ ካርድ ማስታወቂያው አጠገብ ለጠፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ጎማ ሊያስለጥፍ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ሻዩን ይዞ ፎቶውን ያያል።

«ይህቺ ልጅ ምን ትሸጣለች?» አለ ተሳቢው ሹፌር።

«ምንም አትሸጥም፣ ደንቆሮ! የጋሼ ልጅ ናት፤ በእንግሊዝ አገር ለመንግሥትነት ትወዳደራለች» አለች ሀቦ።

«መንግሥት አይደለም፣ ቀበሌ ነው» አልኩ ከመኪናው ሥር ሆኜ።

«ቀበሌ? የእንግሊዝ ቀበሌም ስኳር ያድላል እንዴ?»

«ቆሻሻ ነው የሚያስነሱት» አልኩ። «መብራት፣ መንገድ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን።»

ሀቦ ይህን ስትሰማ ከሻይ ማንቆርቆሪያዋ ላይ ቀና አለች። «ቆሻሻ ያስነሳሉ? ካሸነፈች መጀመሪያ የእኛን ታስነሳልን! ይሄ ከደጄ ፊት ያለው ክምር ከእኔ ጋር ሊያረጅ ነው። ወላሂ ካሸነፈች የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ በነፃ ነው።»

«እኔም ሙክት ከአዋሽ ጭኜ እመጣለሁ» አለ ሹፌሩ። «መቼም አበሻ ሴት እንግሊዝን ገዝታ እኛ ዝም ብለን ሻይ ብቻ አንጠጣም።»

ምሳዬን ይዛ የመጣችው ባለቤቴ ከኋላ ሆና ትሰማ ነበር። «እኔ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተስያለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ አሁንም ከመኪናው ሥር ነኝ፣ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው። «እሱም ካሸነፈች ቀኑን ሙሉ ጎማ በነፃ ይለጥፋል!» ብላ ለሹፌሮቹ አወጀች። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ።

እውነቱን ለመናገር አልተቃወምኩም። የምትሸነፍ መስሎኝ ነበር።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጄ እንደገና ደወለች። በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ፈጠን ፈጠን ይላል። ከእሷ ሌላ ሁለት ተወዳዳሪዎችም «አዳራሹ አይዘጋም» እያሉ ቃል መግባት ጀምረዋል። አዛውንቶቹ ማንን እንደሚያምኑ ግራ ገብቷቸዋል። በዚያ ሰፈር ሌላው ሕዝብ ለምርጫ ቤቱን ለቆ አይወጣም፤ እነሱ ግን አይቀሩም፣ ስለዚህ ወንበሩ ያለው በእነሱ እጅ ነው። የድሬዳዋው ሽማግሌ ደግሞ የምሳው ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ይደውልልኝ።»

ይህን ሰው ወዲያው ወደድኩት። ሰው ሊሾም ሲል ወላጁን የሚጠይቅ ሽማግሌ እንግሊዝ አገር ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ከሀቦ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። ድሬዳዋ ስለ ነበረው የባቡር ጋራዥ ተነሳ፤ እሳቸው እዚያ ሠርተዋል፣ እኔ ወደ ጅቡቲ የመጣሁት በዚያው ባቡር ነው። በድሮው ባቡር ሐሜት ግማሽ ካርድ አለቀ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ወንድሜ፣ እንግዲህ ልጅህ ይህን ሥራ ትችለዋለች ወይ?» አሉኝ።

አባት በሰው ፊት ስለ ልጁ ሲጠየቅ የሚመልሰው የታወቀ ነው። «ኧረ ምን ትችላለች ጌታዬ፣ ገና ልጅ ናት» አልኩ። «አንዱን ጀምራ አንዱን ትተዋለች። እናንተው እያረማችሁ፣ እየገሠጻችሁ ያዙልኝ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉና በደስታ ሳቁ። እኔም በሚገባ እንደተናገርኩ አውቄ ስልኩን ዘጋሁ። ለባለቤቴም «ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ ተግባባን» አልኳት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች። ይህ መልካም ምልክት አይደለም።

«አንተ ሰውዬ! ልጄን ምን ብለህ ነው ያዋረድካት?»

«ማንን? እኔ?»

«ምንም አትችልም፣ የጀመረችውን አትጨርስም ብለሃል!»

«ምን ልል ኖሯል? ጀግና ናት ልበል? ሽማግሌው እኮ ገብቷቸዋል!»

ሽማግሌው ገብቷቸዋል። ነገር ግን ስልኩን የተቀበሉት በምሳ ሰዓት፣ በአዳራሹ ውስጥ ነበር፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ከፍተውታል። ሌሎቹ አዛውንቶች ምን እያልኩ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉ። እዚያው የተወለደች የልጅ ልጃቸው ደግሞ ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። ትርጉሙ አንዲት ስንጥር ስሕተት የለበትም። የልጅቷ የገዛ አባት አትችልም አለ፤ የጀመረችውን አትጨርስም አለ። እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ አዳራሹን እስከ መጨረሻው የሚይዝላቸው ሰው ነው። አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት «አባቷ ያላመናትን እኔ ከየት አምጥቼ ልመናት?» ብለው የምርጫ ወረቀቷን መልሰው ሰጥተዋታል።

ራት አልበላሁም። ባለቤቴም አላቀረበችልኝ።

ጠዋት ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ። «ወንድሜ፣ አንተ በአገራችን ደንብ ተናግረሃል፤ እኔ እንዲያውም አንተን ሰምቼ ነው እሷን የመረጥኩ። እነዚህን ሰዎች ግን ምን ላድርጋቸው? ልተርጉምላቸው ብል ሽማግሌው ዋሸ ይሉኛል። ምርጫው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ሁላቸውም ለምሳ ይመጣሉ። ደውልና እንደ እነሱ አገር ተናገር።»

«እንደ እነሱ አገር እንዴት ነው?»

«አሞግሳት።»

ጎማ ከልኩ በላይ ከተነፋ የጅቡቲ አስፋልት ሲግል ይፈነዳል። ልጅም እንደዚያው ነው ብዬ ነው ያሳደግኳት። አንደኛ ወጥታ ስትመጣ «ለሚቀጥለውም አትዘናጊ» እላለሁ። ይህ ጭካኔ አልነበረም፤ ዛሬም ልጁን ሰው ፊት እያቆመ የሚያወድስ አባት ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ የሆንኩትን ማንም ይገምተው። ጎማ እየፈታሁ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። «ጎበዝ ናት» እላለሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይሆንብኛል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? ከጎማ ጋር ማውራት ጀመሩ እኮ» አለ ሹፌሩ፤ ከወደብ ጭኖ ሊመለስ ሲል ሆን ብሎ ጉዞውን አዘግይቷል።

ማክሰኞ ደረሰ። የእነሱ ምሳ ለእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ገብቶ፣ ሰዉ ሊቅም ወደየቤቱ ሄዶ መንገዱ ጭር ያለበት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያንጣጣበት ሰዓት ነው። የአየር መሙያውን ሞተር አጠፋሁ። ሀቦ ሬዲዮዋን ዘግታ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ሹፌሩ የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከአጠገቤ፣ ክርኗ ከሚደርስበት ቦታ።

ሽማግሌው አነሱ። ከጀርባቸው ማንኪያና ሳህን ይሰማል፤ ከዚያ ዝም አለ።

«ሁሉም ይሰሙሃል» አሉኝ።

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። ተተረጎመ። መልስ ሰጡ። ወደ ነገሩ ገባሁ። «ልጄ... ልጄ ማለት...» ባለቤቴ በክርኗ ወጋችኝ። «ልጄ ደኅና ልጅ ናት» አልኩ።

«ይሄ ምኑ ሙገሳ ነው? ለፍየልም ይባላል!» ብላ ሀቦ አንሾካሾከች።

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። ማሞገስ አልችልም፤ መመስከር ግን እችላለሁ። በእድር ዳኝነቴ ስንት ሰው አስመስክሬአለሁ። ምስክር ባየው ላይ መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም አይፈቀድለትም። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ያየሁትን እመሰክራለሁ» አልኩ። «ልጅ ሳለች በግቢያችን ለብዙ ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧ ብቻ ነበረ። ውሃ ሲመጣ ጉልበተኛው ይቀድማል። እሷ ገና ተማሪ ሆና ቧንቧው ላይ ቆመች። እርጉዝና አሮጊት ይቅደም፣ ከዚያ በተራ ይሁን አለች። ከአርሂባ ሰፈር የመጡ የወደብ ጫኞች፣ ጡንቻቸው እንደ በር ያለ፣ ገፍተዋት ለማለፍ ሞከሩ። ባልዲዋን መሬት ላይ ገልብጣ ላዩ ላይ ቆመችና እኩል ሆና ተሟገተቻቸው። ሁልጊዜ መጨረሻ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ስለዚህ ብዙ ቀን እኔ ሳልታጠብ ሥራ ሄጃለሁ።»

ተተረጎመ። ከወዲያ ሳቅ መጣ።

«ሌላ ጊዜ የግቢያችን መፀዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ፈሰሰ። ወንዶቹ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጥፋቱ የማን ነው እያልን ስንጨቃጨቅ እሷ ደብተሯን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ነገ ነይ አሏት። በማግስቱ ሄደች። አሁንም ነገ አሏት። ኃላፊው በር ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች። በመጨረሻ ሰውዬው ሲሰለቻቸው ቦቴውን ላኩት። እሷም ቦቴው ላይ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ መጣች፤ መንገድ እንዳይቀይር ነው።»

ተሳቢው ሹፌር ጭኑን መታ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ምስክርነቱ አላለቀም።

«ባለፈው ጊዜ የጀመረችውን አትጨርስም ብያችኋለሁ። ይህ በአገራችን ለጨዋነት የሚባል ነው፤ እውነት አልነበረም። እውነቱ፣ ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። እኔ ጠንካራ ሰው ነኝ እላለሁ፤ እሷ ትበልጠኛለች። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ ወደፊትም የምነግራት አይመስለኝም። እናንተ ግን ልትመርጧት ስለሆነ ማወቅ አለባችሁ። እባካችሁ ምረጡልኝ።»

«እባካችሁ» ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ለመንኩ እኮ።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ ተርጉማ ጨረሰች። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከጭብጨባው ውስጥ ደግሞ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«አባዬ...»

«አንቺ ማን ነሽ?» አልኩ፤ እያወቅኩ።

«እኔ ነኝ። ሾርባ እያደልኩ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ።»

ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሀቦ ወደ ሰማይ ታያለች። እኔ ላቤን ጠረግኩ።

«እዚያ መሆንሽን አላውቅም ነበር» አልኳት። «እንግዲህ ከሰማሽ ሰማሽ። እንዳትዘናጊ።»

«አልዘናጋም አባዬ» አለች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። «ይመርቁኝ።»

መረቅኳት። ባለቤቴና ሹፌሩ «አሜን» አሉ፤ ሀቦ ደግሞ «አሚን» አለች፤ ከወዲያም በየቋንቋው አሉ። ካርዱ ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ውጤቱ መጣ። በጥቂት ድምፅ አሸነፈች። በእኔ ስልክ አሸነፈች ብዬ አልዋሽም። የእንግሊዝን ክረምት ሙሉ በዝናብ ደጅ ያንኳኳችው እሷ ናት። ሽማግሌው ግን ወረቀቱን የመለሱት እንግሊዛዊት ሐሙስ ጠዋት በበትራቸው እየተመረኮዙ ከሁሉም ቀድመው እንደመረጡ ነግረውኛል። የሄዱበትም ምክንያት «ባልዲው ላይ የቆመችዋን ልጅ» ለመምረጥ ነው አሉ። አዳራሹ አልተዘጋም።

ባለቤቴ እልልታዋን ለቀቀችው። የግቢው ሴቶች በሙሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ሀቦ ፎቶውን ከግድግዳው ነቅላ ሳመችውና መልሳ ለጠፈችው። ከዚያ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጣደች። የነፃ ሻይ ወሬ ከተሳቢ ማቆሚያው ድረስ በስልክ ደርሶ ኖሮ ሹፌሮች በሰልፍ መጡ።

«ሀቦ፣ ስኳሩም በነፃ ነው?» ይላታል አንዱ።

«ስኳሩ በነፃ ነው፣ ብርጭቆውን ግን ታጥባለህ!»

ሙክቱ በሁለተኛው ሳምንት ከአዋሽ በተሳቢ ተጭኖ ገባ። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦት ስለመጣ ወንበሩን አበላሽቶበታል፤ ስለዚህ ሲታረድ አላዘነለትም። የኔም ቀን ደረሰ። ከንጋት ጀምሮ ጎማ በነፃ ለጠፍኩ። ይህን ያህል የተበሳ ጎማ በጅቡቲ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ አንዳንዱ መለዋወጫ ጎማውን ሳይቀር ይዞ መጥቷል። ማታ ወገቤን ይዤ ስተኛ ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» አለችኝ። «ደኅና ልጅ ናት» አልኳት። ራሷን እስክትይዝ ሳቀች።

ሀቦ ከበሯ ፊት ያለው ክምር ባለመነሳቱ ልጄን ዛሬም ትከሳለች። እኔ ደግሞ ቃል የገባ ሰው ሂሳቡን ማወቅ አለበት ብዬ ሁሉንም አስቀምጬ ስንት ስንት እንዳወጡ ጠየቅኳቸው። የእኔና የባለቤቴ የስልክ ካርድ፣ የሀቦ ሻይና ስኳር ከተሰበሩት ብርጭቆዎች ጋር፣ የሹፌሩ ሙክትና የጋቢናው ወንበር እጥበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ፣ በነፃ የለጠፍኩት ጎማ ሁሉ፣ ሽማግሌው የደወሉልኝም ጭምር፤ አንዲት የእንግሊዝ ቀበሌ ወንበር ለሁላችን የፈጀችው ከአምስት መቶ ዶላር የሚያልፍ፣ ዘጠና ሦስት ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ ነው።